ከአርዕስቱ ሚሊዮን ስንቱ ኪስ ይገባል? የኤንኤፍኤል ኮንትራት አነባበብ

«እገሌ በ5 ዓመት 250 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ።» በየዓመቱ ማርች ሲመጣ የአሜሪካ ፉትቦል ወሬ በእንዲህ ያለ ዜና ይጥለቀለቃል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያው ተጫዋች ይሰናበታል። ያኔ ሰው ሁሉ «ቀሪው ገንዘብስ የት ገባ?» ይላል። የትም አልገባም። ቀሪው ገንዘብ መጀመሪያውኑ የተጫዋቹ አልነበረም።

በእግር ኳስ ላደግን ሰዎች ይህ ቶሎ አይዋጥልንም። በእግር ኳስ ክለቡ ለ4 ዓመት ያስፈረመውን ተጫዋች ያለ በቂ ምክንያት ካሰናበተ ካሳ ይከፍላል፤ እምቢ ካለ ጉዳዩ ፊፋ ድረስ ይሄዳል። በኤንቢኤና በአሜሪካ ቤዝቦልም አብዛኛው ኮንትራት ዋስትና አለው። በኤንኤፍኤል፣ በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ግን ቡድኑ የ5 ዓመት ኮንትራት ፈርሞ ከ1 ዓመት በኋላ ሊሰርዘው ይችላል። ተጫዋቹ በፈለገ ጊዜ ትቶ ወደ ሌላ ቡድን መሄድ አይችልም። ኮንትራቱ የሚያስረው በአብዛኛው አንዱን ወገን ነው።

ሙሉ ዋስትና መስጠትን የሚከለክል ሕግ ግን የለም። በተጫዋቾች ማኅበርና በሊጉ መካከል ያለው የኅብረት ስምምነትም አይከለክልም። ነገሩ ልማድ ነው። ልማዱን ያቆዩት ምክንያቶች አሉ። አንድ ቡድን 53 ተጫዋች ይይዛል፤ ጉዳት የየሳምንቱ ነገር ነው፤ የደመወዝ ጣሪያው፣ ሳላሪ ካፕ የሚሉት፣ ጥብቅ ነው። በ2025 ጣሪያው ለአንድ ቡድን 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያ ላይ ቡድኑ ለመጪ ዓመታት ዋስትና የሰጠውን ገንዘብ አብዛኛውን አስቀድሞ በአደራ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ የሚያስገድድ የቆየ ደንብ አለ። ባለቤቶቹ ሙሉ ዋስትና ሲጠየቁ ይህንን ደንብ ይጠቅሳሉ። ደንቡ የወጣው ቡድኖች ገንዘብ ያጥራቸዋል ተብሎ በሚሰጋበት ዘመን ነው። ዛሬ በቢሊዮን ለሚገመቱ ቡድኖች ጥሩ ማመካኛ ሆኖ ቀርቷል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ አነባበቡ እንግባ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ገንዘቡን በየዓይነቱ ለዩ

«100 ሚሊዮን» ሲባል አንድ ክምር ገንዘብ አይደለም። ብዙ ዓይነት ክፍያ ተደምሮ ነው።

የፊርማ ቦነስ ከሁሉም የታመነው ነው። ተጫዋቹ ሲፈርም እጁ ይገባል፤ አንዳንዴ በሁለት ዙር ይከፈላል። ነገ ቢባረርም የሱ ነው።

ዋና ደመወዙ የሚከፈለው የውድድር ዘመኑ ሲጀመር ነው። ዋስትና ከሌለውና ተጫዋቹ ኦገስት ላይ ከተሰናበተ ከዚያ ደመወዝ አንድ ሳንቲም አያይም። ክረምቱን ሙሉ ሲሠለጥን ቢከርምም ያው ነው።

ሮስተር ቦነስ የሚባለው በተወሰነ ቀን በቡድኑ ስብስብ ውስጥ ለተገኘ ተጫዋች የሚከፈል ነው። ቀኑ ብዙ ጊዜ ማርች ውስጥ ነው። ስለዚህ ቡድኑ የሚጠላውን ውሳኔ ቶሎ እንዲወስን ያስገድደዋል። ለተጫዋቹ ይህ ጥሩ ነው፤ የሚባረር ከሆነ ሌሎች ቡድኖች ገንዘባቸውን ሳይጨርሱ ገበያ ላይ ይወጣል።

በየጨዋታው የሚከፈል ቦነስም አለ። ይህችን ትንሽ ነገር ብዙ ሰው አያያትም። ለምሳሌ የዓመቱ የጨዋታ ቦነስ 510,000 ዶላር ከሆነ ለ17 ጨዋታ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 30,000 ይደርሳል። ጉልበቱን ታሞ 5 ጨዋታ ያመለጠው 150,000 ዶላር አጣ ማለት ነው። ጉዳት ያለበት ታሪክ ካለው ተጫዋች ጋር ቡድኖች ይህን መንገድ ይወዱታል።

ቀሪው ኢንሴንቲቭ ነው፤ ይህን ያህል ያርድ ከሮጥክ፣ ለፕሮ ቦውል፣ ለሊጉ ኮከቦች ጨዋታ ከተመረጥክ የሚል። ዜናው ላይ «እስከ» የምትል ቃል ካያችሁ ኢንሴንቲቩ በሙሉ ተደምሯል ማለት ነው። «እስከ 80 ሚሊዮን» የሚለውን ቁጥር ወዲያው ወደ ጎን አድርጉት።

ደረጃ 2፦ «ዋስትና» ሲባል የቱ ዋስትና?

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በኤንኤፍኤል ሦስት ዓይነት ዋስትና አለ።

የብቃት ዋስትና፦ ቡድኑ «አቋምህ ወርዷል» ወይም «ከአንተ የተሻለ አግኝተናል» ብሎ ቢያሰናብተው ገንዘቡ ይከፈለዋል።

የካፕ ዋስትና፦ ቡድኑ ከደመወዝ ጣሪያው በታች ለመሆን ሲል ቢያሰናብተው ይከፈለዋል።

የጉዳት ዋስትና፦ በጨዋታ ወይም በልምምድ ተጎድቶ የሕክምና ምርመራውን ማለፍ ባለመቻሉ ቢሰናበት ይከፈለዋል።

ሙሉ ዋስትና የሚባለው ሦስቱም ሲሟሉ ነው። ችግሩ ዜናው ሦስቱን አይለይም። ለጉዳት ብቻ የተሰጠውንም ደምሮ «ይህን ያህል ሚሊዮን ዋስትና አለው» ይላል። የጉዳት ዋስትና ብቻ ያለው ተጫዋች ጤነኛ ሆኖ ሳለ በአቋሙ ምክንያት ቢባረር ምንም አያገኝም። በዚህ ስፖርት ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚባረረው በእግሩ ቆሞ እየሄደ ነው።

የኮሊን ኬፐርኒክን ኮንትራት ውሰዱ። ጁን 2014 ከሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ጋር ለ6 ዓመት ተጨማሪ ውል ፈረመ። ዜናው 126 ሚሊዮን ዶላር አለ፤ ከዚያ ውስጥ 61 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው ነው ተባለ። ወረቀቱ ሲወጣ በፊርማው ቀን ሙሉ ዋስትና የነበረው ወደ 13 ሚሊዮን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይኸውም የፊርማ ቦነሱና የመጀመሪያ ዓመት ደመወዙ ነው። የቀረው የጉዳት ዋስትና ብቻ ነበረው፤ ወደ ሙሉ ዋስትና የሚለወጠው በየዓመቱ አፕሪል 1 ቡድኑ ካቆየው ነው። ቡድኑ በየዓመቱ ማርች መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ «እናቆየው ወይስ እናሰናብተው?» ብሎ የመወሰን መብት ነበረው። በተግባር የ1 ዓመት ኮንትራት ነው፤ እየታደሰ የሚሄድ።

ከዚያ የባሰም አለ። ኖቬምበር 2010 ዶኖቫን ማክናብ ከዋሽንግተን ቡድን ጋር ለ5 ዓመት 78 ሚሊዮን ዶላር ማራዘሚያ ፈረመ ተባለ። አዲሱ ዋስትና 3.75 ሚሊዮን ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ወር ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ በጁላይ 2011 ወደ ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ተሸጋገረ።

ስለዚህ ማንኛውንም ኮንትራት ስታነቡ የምትፈልጉት የመጀመሪያው ቁጥር «በፊርማው ቀን ሙሉ ዋስትና ያለው» የሚለው ነው። ጠቅላላ ዋስትና ሁለተኛ ይምጣ። ጠቅላላ ድምሩ ሦስተኛ ነው፤ ብትተዉትም ብዙ አያጎድልባችሁም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። የሊጉ መደበኛ ኮንትራት ራሱ ለቡድኑ ሲጫወት የተጎዳን ሰው የዚያን ዓመት ደመወዝ ይጠብቅለታል። የሚቀጥለውን ዓመት ግን አይጠብቅም። ዲሴምበር ላይ ጉልበቱ የተቀደደ ተጫዋች ለመዳን ወራት ይፈጅበታል። ማርች ላይ «በሰላም ሂድ» ሊባል ይችላል። የጉዳት ዋስትና ለመጪ ዓመታት መኖሩ ትልቅ ነገር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ ቀኑን ፈልጉ

ዋስትና የሚጸናበት ቀን ከገንዘቡ መጠን እኩል ይመዝናል። የሊጉ የሒሳብ ዓመት በማርች አጋማሽ ይጀምራል። ኮንትራቶች «በሊጉ ዓመት 3ኛ ቀን» ወይም «5ኛ ቀን» የሚል አንቀጽ ይይዛሉ። በዚያ ቀን ተጫዋቹ አሁንም በቡድኑ ካለ የጉዳት ዋስትናው ወደ ሙሉ ዋስትና ይለወጣል።

የራስል ዊልሰንን ታሪክ በቅርብ እንየው። ሴፕቴምበር 2022 ከዴንቨር ብሮንኮስ ጋር ወደ 245 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የ5 ዓመት ማራዘሚያ ፈረመ። በፊርማው ቀን ሙሉ ዋስትና የነበረው 124 ሚሊዮን ነው። የ2025 ደመወዙ 37 ሚሊዮን ነበር። ይህ 37 ሚሊዮን ለጉዳት ብቻ ዋስትና ነበረው፤ ሙሉ በሙሉ የሚጸናው ማርች 17፣ 2024 ማለትም በሊጉ ዓመት 5ኛ ቀን ነው።

አሁን በቡድኑ ቦታ ሆናችሁ አስቡ። ዊልሰን በ2023 መጨረሻ ጨዋታዎች ክፉኛ ቢጎዳና ማርች ላይ የሕክምና ምርመራውን ባያልፍ፣ ለ2025 የሚሆን 37 ሚሊዮን ዶላር ትከፍላላችሁ። ጤነኛ ሆኖ ከማርች 17 በፊት ብታሰናብቱት ግን ያንን ገንዘብ አትከፍሉም። ያለው መፍትሔ አንድ ነው፤ እንዳይጎዳ አለማጫወት።

ዊልሰን በኋላ እንደተናገረው፣ በኦክቶበር 2023 ካንሳስ ሲቲን ካሸነፉ በኋላ ቡድኑ ያንን ቀን ወደፊት እንዲገፋ ጠየቀው፤ እምቢ ካለ እንደማይሰለፍ ተነገረው። አልተስማማም። መጫወቱን ቀጠለ። የውድድሩ ሁለት ጨዋታ ሲቀር ከሜዳ ወረደ፤ ጃሬት ስቲድሃም ተተካ። አሰልጣኙ ሾን ፔይተን ዋናው ምክንያት የቡድኑን የማጥቃት ክፍል ለማነቃቃት ነው አሉ። ማርች 2024 ቡድኑ አሰናበተው።

ከዚህ በኋላ አንድ ኮከብ ዲሴምበር ላይ በድንገት ሲቀመጥ ካያችሁ መጀመሪያ የውጤት ሰንጠረዡን አትመልከቱ። ኮንትራቱን ከፍታችሁ የጉዳት ዋስትናው መቼ እንደሚጸና እዩ።

ደረጃ 4፦ ማሰናበት ቡድኑን ስንት እንደሚያስወጣው አስሉ

ዋስትና የሌለው ዓመት ሁሉ እኩል አደገኛ አይደለም። አንዳንዴ ቡድኑ ሊያባርር ቢፈልግም ካፑ አይፈቅድለትም። ምክንያቱ የፊርማ ቦነሱ አያያዝ ነው። ገንዘቡ ለተጫዋቹ ዛሬ ይከፈላል፤ በካፕ ሒሳብ ላይ ግን በኮንትራቱ ዓመታት ላይ፣ ቢበዛ በ5 ዓመት፣ እኩል ይከፋፈላል። ተጫዋቹ ከተሰናበተ ያልተመዘገበው ቀሪ ድርሻ በአንዴ ይመጣል። ይህንን ዴድ መኒ ይሉታል፤ ለሌለ ሰው በካፑ ላይ የሚያዝ ገንዘብ ማለት ነው።

በምሳሌ እንሥራው። ቁጥሮቹን የፈጠርኳቸው ለስሌት እንዲመቹ ነው። የ4 ዓመት፣ የ60 ሚሊዮን ኮንትራት ይሁን። የፊርማ ቦነሱ 16 ሚሊዮን፤ ደመወዙ በ1ኛ ዓመት 2፣ በ2ኛ 12፣ በ3ኛ 14፣ በ4ኛ 16 ሚሊዮን። የ1ኛ ዓመት ደመወዝ ሙሉ ዋስትና አለው። የ2ኛው ዓመት ለጉዳት ብቻ ዋስትና አለው፤ በ2ኛው የሊግ ዓመት 3ኛ ቀን ይጸናል። ቀሪው ምንም ዋስትና የለውም።

ዜናው «60 ሚሊዮን፣ 30 ሚሊዮን ዋስትና ያለው» ይላል። እናንተ ስታሰሉት በፊርማው ቀን የጸናው 16 ሲደመር 2፣ ማለትም 18 ሚሊዮን ነው።

ቦነሱ ለ4 ሲካፈል በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ካፕ ይይዛል። ስለዚህ የካፕ ወጪው በ1ኛ ዓመት 6፣ በ2ኛ 16፣ በ3ኛ 18፣ በ4ኛ 20 ሚሊዮን ነው። ቡድኑ ከ1 ዓመት በኋላ፣ ቀኑ ሳይደርስ ቢያሰናብተው፣ 12 ሚሊዮን ዴድ መኒ ይመጣበታል። ያ ዓመት 16 ይወስድ ስለነበር ከካፑ የሚያተርፈው 4 ሚሊዮን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ዓመት ሳያቆየው አይቀርም። ከ2 ዓመት በኋላ ግን ዴድ መኒው 8 ሚሊዮን ነው፤ ከ18 ላይ 10 ሚሊዮን ካፕ ይተርፋል፤ 14 ሚሊዮን ጥሬ ገንዘብም አይከፍልም። የተጫዋቹ እውነተኛ ኮንትራት «2 ዓመት፣ 30 ሚሊዮን» ነው ማለት ነው። 3ኛውና 4ኛው ዓመት የቡድኑ ምርጫ ናቸው።

ሁለት ነገር ስሌቱን ያወሳስበዋል። አንደኛው ጁን 1 ነው። ከዚያ ቀን በኋላ እንደተሰናበተ የተመዘገበ ተጫዋች ዴድ መኒው በሁለት ዓመት ካፕ ላይ ይከፋፈላል። ብሮንኮስ የዊልሰንን 85 ሚሊዮን ዶላር ዴድ መኒ 53ቱን በ2024፣ 32ቱን በ2025 የያዙት በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው ቮይድ ዓመት የሚሉት ነው። ተጫዋቹ የማይጫወትባቸው፣ ቦነሱን ለማከፋፈል ብቻ ኮንትራቱ ጫፍ ላይ የተቀጠሉ የይስሙላ ዓመታት ናቸው። ኮንትራቱ «5 ዓመት» ሲል ሁለቱ ቮይድ ከሆኑ 3 ብላችሁ ቁጠሩ።

ደረጃ 5፦ ዋስትናውን የሚበሉትን አንቀጾች አንብቡ

ዋስትና ተብሎ የተጻፈም ሊፈርስ ይችላል። ብዙ ኮንትራቶች ተጫዋቹ በሥነ ምግባር ጉድለት ቢቀጣ ወይም ቢታገድ ዋስትናው ይሰረዛል የሚል አንቀጽ አላቸው። በ2019 ኦክላንድ ሬይደርስ ለአንቶኒዮ ብራውን ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ሰጥተውት ነበር። ሴፕቴምበር ላይ ከቡድኑ ጋር ተጣላ፤ ከ215,000 ዶላር በላይ ተቀጣ፤ ቅጣቱ ዋስትናውን አፈረሰው። በዚያው ቀናት ውስጥ ተሰናበተ። ለሬይደርስ አንድም መደበኛ ጨዋታ አልተጫወተም።

ሌላው ኦፍሴት ነው። የተሰናበተ ተጫዋች ሌላ ቦታ ቢቀጠር፣ አዲሱ ደመወዝ ከድሮው ቡድን ዕዳ ላይ ይቀነሳል። ዊልሰን በ2024 ከዴንቨር 39 ሚሊዮን ዋስትና ነበረው። ከፒትስበርግ ስቲለርስ ጋር የፈረመው በ1.21 ሚሊዮን፣ ማለትም ለነባር ተጫዋች በሚፈቀደው ዝቅተኛ ክፍያ ነው። ከዚያ በላይ ቢጠይቅ የሚጠቀመው ዴንቨር ነበር፤ ለእሱ ኪስ ለውጥ የለውም። ዴንቨር ቀሪውን ወደ 37.8 ሚሊዮን ከፈለ። ኦፍሴት የሌለበት ኮንትራት ያለው ሰው ግን ሁለቱንም ይወስዳል። ስለዚህ በድርድር ጊዜ ይህችን ቃል ማስወጣት ገንዘብ ነው።

የፊርማ ቦነስም ቢሆን ተጫዋቹ ራሱ ጡረታ ከወጣ የቀሪ ዓመታቱን ድርሻ ቡድኑ መልስ ሊለው ይችላል። ካልቪን ጆንሰን በ2016 ሲያቆም ዲትሮይት ላየንስ ቢያንስ 1 ሚሊዮን ዶላር አስመልሰውታል። ለዚያ ቡድን ዘጠኝ ዓመት አካሉን የሰጠ ሰው ነው። በ2019 አንድሩ ላክ ሲያቆም ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ከ24 ሚሊዮን በላይ መጠየቅ ሲችሉ ተዉለት። ሁለቱም በሕጉ ልክ ነበሩ። የትኛው ቡድን ተጫዋቹን እንዳከበረ ግን ማንም ያያል።

ደረጃ 6፦ ተጫዋቹ የት ደረጃ ላይ ነው?

ቡድኖች በየዓመቱ ከኮሌጅ የሚመጡ ጀማሪዎችን ተራ በተራ በዙር ይመርጣሉ፤ ድራፍት ይሉታል። የአንደኛ ዙር ጀማሪዎች የ4 ዓመት ኮንትራታቸው ዛሬ በአብዛኛው ሙሉ ዋስትና አለው። መጠኑም በተመረጡበት ቁጥር አስቀድሞ ይወሰናል። የ2025 የመጀመሪያ ተመራጭ ካም ዋርድ ወደ 48.8 ሚሊዮን ሙሉ ዋስትና አገኘ። በዚያው ዓመት ሂውስተን ቴክሳንስ ለ34ኛው ተመራጭ ጄይደን ሂጊንስ ሙሉ ዋስትና ሰጡ፤ ለሁለተኛ ዙር ተጫዋች የመጀመሪያው ነበር። ሌሎቹም የሁለተኛ ዙር ልጆች «እኛስ?» ብለው እስከ ጁላይ ሳይፈርሙ ቆዩ። በአምስተኛና በስድስተኛ ዙር ለሚመረጡት ግን ዋስትናው በአብዛኛው ትንሿ የፊርማ ቦነስ ናት።

4 ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ተጫዋች በመጀመሪያው ሳምንት ስብስብ ውስጥ ከገባ፣ ቢሰናበትም የዚያን ዓመት ደመወዝ መጠየቅ ይችላል፤ በሙያ ዘመኑ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ ነባር ተጫዋች ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ተሰናብቶ ከሳምንት በኋላ የሚመለሰው።

ፍራንቻይዝ ታግ ደግሞ አለ፤ ቡድኑ ኮንትራቱ ያለቀበትን ተጫዋች ለ1 ዓመት የሚያስቀርበት መብት ነው። ከተፈረመ የ1 ዓመት ሙሉ ዋስትና ነው። ብዙ ተጫዋች ይጠላዋል። ከርክ ከዝንስ ግን ተጠቀመበት። በ2012 በአራተኛ ዙር ዋሽንግተን የመረጠው ልጅ ነው። በ2016 እና በ2017 ሁለት ጊዜ ታግ ተደርጎ ወደ 44 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በ2018 ነፃ ሆኖ ወጥቶ ከቫይኪንግስ 3 ዓመት፣ 84 ሚሊዮን፣ ሙሉ ዋስትና አስፈረመ። ረዥም ኮንትራት አልፈለገም፤ የጸና አጭር ኮንትራት ፈለገ። በእኔ ዕይታ በዚህ ሊግ ውስጥ ከተደረጉ ድርድሮች ሁሉ ብልሁ ይህ ነው።

ማርች 2022 ክሊቭላንድ ብራውንስ ለዴሾን ዋትሰን 5 ዓመት፣ 230 ሚሊዮን በሙሉ ዋስትና ሲሰጡ ሌሎች ባለቤቶች ተናደዱ። በ2024 ዋትሰን የተረከዝ (አኪለስ) ጅማቱ ተበጠሰ፤ ደመወዙ አልተነካም። ላማር ጃክሰን በ2023 ተመሳሳይ ነገር ፈልጎ 260 ሚሊዮን ውስጥ 185 ሚሊዮን ዋስትና ይዞ ተስማማ። ፓትሪክ ማሆምስ ሌላ መንገድ ሄደ። በ2020 የፈረመው የ10 ዓመት፣ የ450 ሚሊዮን ማራዘሚያ በፊርማው ቀን ሙሉ ዋስትናው 63 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ነገር ግን የአንድ ዓመት ገንዘብ የሚጸናው ቀደም ብሎ ነው። ቡድኑ ሊያሰናብተው ቢያስብ ሁልጊዜ ቀጣዩ ዓመት አስቀድሞ ተቆልፎ ያገኘዋል።

የት ይነበባል?

ኦቨር ዘ ካፕ እና ስፖትራክ የእያንዳንዱን ተጫዋች ኮንትራት በየዓመቱ ዘርዝረው በነፃ ያወጣሉ። የተጫዋቹን ስም ፈልጉ። መጀመሪያ በፊርማው ቀን የጸናውን፣ ቀጥሎ ከታች በማስታወሻ የተጻፉትን የማርች ቀኖች፣ በመጨረሻ የዴድ መኒውን ዓምድ እዩ። ኮንትራቱ በተፈረመ ሰዓት የሚወጣውን ቁጥር አትመኑ። ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከኤጀንቱ ነው። ዝርዝሩ እስኪወጣ ጥቂት ቀን ታገሡ።

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በቴክሳስ ልጁ ኮሌጅ ደርሶ የሚጫወት ዘመድ ያለው ሰውም ይህን ሊያነብ ይችላል። ለእሱ የምለው አለኝ። ኤጀንት ስታናግሩ ጠቅላላ ድምሩን አትጠይቁት። «ልጁ በሚቀጥለው ኦገስት በጤናው እያለ ቢሰናበት ስንት ይዞ ይወጣል? ተጎድቶ ቢሰናበትስ?» በሉት። ሁለቱን ቁጥሮች በወረቀት ያስቀምጥላችሁ። በማኅበሩ ደንብ የኤጀንቱ ድርሻ ከ3 በመቶ አይበልጥም፤ የሚታሰበውም ተጫዋቹ በእጁ ከተቀበለው ላይ ነው። ዋስትና ከሌለው ሚሊዮን ላይ አስቀድሞ ክፍያ የሚጠይቅ ካለ ሌላ ኤጀንት ፈልጉ።